ሦስት ምዕራፍ ውርደት

«እግርህን አንሳ» አለው ጋሽ ኩዋንግ፤ ወንድሜ ሾውሄም አነሳ። ጋሽ ኩዋንግ፣ የእህታችን ባል፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ቢጫውን ሜትር ከወንድሜ ወንበር ሥር አሳለፈና እስከ ግድግዳው ጥግ ዘርግቶ «ሁለት ሜትር ከአርባ!» ብሎ ጮኸ። ኮሪደሩ ላይ የቆመችው ሚስቱ፣ ታላቅ እህቴ ዪንሹ፣ ቁጥሩን በመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈች። ሾውሄ ወለል እንደሚወለወልበት ሰው ሁለት እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ጣቶቹን ከኪቦርዱ ሳያነሳ ይጠብቃል። ይቅርታ ያለው ሰው አልነበረም። ሰዓቱ ስድስት ከአሥር ሆኗል፤ እሑድ ነው፤ ሰኔ ነው፤ ክፍሏ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቬንቲሌተር ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማመላለስ በቀር የምትሠራው ነገር የላትም።

ጋሽ ኩዋንግ ጉልበቱን አራግፎ ተነሳና ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«እስካሁን አልወጣም እኮ!» አለ በአውራ ጣቱ ገጹን እየጎተተ። «ዛሬም ሊያዘገይብን ነው። ሰነፍ!»

«ማነው ሰነፉ?» አለ ሾውሄ ቀና ሳይል።

«እርጥብ ክብሪት የሚባለው ደራሲ ነዋ። አንተ አታውቀውም። አንተ መቼ ታነባለህ?»

«ሥራ በዝቶበት ይሆናላ።»

«የምን ሥራ? ቁጭ ብሎ መጻፍ አይደለም እንዴ! እኔ ብሆን በቀን አምስት ምዕራፍ አወጣ ነበር። በል ያን እግርህን ድገመውና አንሳ፤ በዚህ በኩል አልጋው ይገባ እንደሆነ ልየው።»

እኔ የታጠበ የሎተስ ሥር በሳፋ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጡ። እርጥብ ክብሪት ማለት ወንድሜ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያች ክፍል ተቀምጦ በየቀኑ ሁለት ምዕራፍ እየጻፈ፣ ልክ በስድስት ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ለቤተሰቡ የነገረው ግን ለአንድ የጭነት ድርጅት ደረሰኝ እንደሚተይብ ነው። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ድልድዩ ሥር ልብስ የማስተካክልባት ሱቅ አለችኝ፤ ሱሪ በማሳጥርበት መሃል ምዕራፎቹን በስልኬ እያነበብኩ የፊደል ግድፈት እለቅምለታለሁ። ትምህርት ያቋረጥኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ስለ ጽሑፍ የማውቀው ነገር ካለ ከእሱ ያገኘሁት ነው፤ አሁን ይህን ስጽፍም የሚለቅምልኝ ሰው የለኝም። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር። «ከታወቀ መጻፍ አልችልም» ነበር ያለኝ።

ታሪኩ ስለ አንድ ተራራ ነው። በተራራው ላይ ጥበብ የሚማሩት ሰዎች ዘጠኝ ደረጃ አላቸው፤ ከላይኛው ደረጃ ያለው ከታች ያለውን በትንፋሹ ብቻ ሊያንበረክከው ይችላል። ጀግናው ምንም ደረጃ የለውም። የእቶኑን አመድ የሚጠርግ ነው። የሚያሰቃየው ደግሞ የብረት ሽመላው ሽማግሌ የሚባል የስድስተኛ ደረጃ ሰው ነው። ይህ ሽማግሌ አይጮኽም፤ አይማታም። ሁልጊዜ በሩን ፊት ለፊት የሚያየው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የግራ እጁ የትንሿ ጣት ጥፍር ረጅም ነው፤ ሰው ነጥቆ ሲጨርስ «ለአንተው ብዬ ነው» ይላል። አንድ ቀን እንኳ እኛ ገበታ ላይ የበላ ሰው ሽማግሌው ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቀው ነበር። የማያውቀው አንድ ሰው ቢኖር ራሱ ጋሽ ኩዋንግ ነው። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ አንብቦታል፤ ብዙ በሚከፍሉ ታማኝ አንባቢዎች ሰንጠረዥ ላይ ዘጠነኛ ነው፤ «ብቸኛው ዛፍ» በሚል ስም በየምዕራፉ ሥር ሽማግሌውን ሲረግም ይውላል።

የሾውሄ ሥራ ደንብ ነበረው። ሦስት ምዕራፍ ውርደት፣ አንድ ምዕራፍ ካሳ። ሁለት ብቻ ከሆነ ካሳው አይጥምም፤ አራት ከሆነ አንባቢ ተሳድቦ ይሄዳል። ይህን ሲያስረዳኝ የሽሮፕ መጠን እንደሚነግር ፋርማሲስት ነበር። እኔ ሞኟ ግን ደንቡ ለመጽሐፍ ብቻ የተሠራ መሆኑን ረስቼ፣ ለሰውም ይሠራል ብዬ መጠበቅ ጀምሬ ነበር።

ክፍሏ የምትለካበት ምክንያት ትምህርት ቤት ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለው አንደኛ ደረጃ በከተማው አንደኛ ነው ይባላል፤ እዚያ ለመግባት የእህቴ ልጅ በሰፈሩ የቤተሰብ መዝገብ ላይ መስፈር ብቻ ሳይሆን በእውነት እዚያው መኖር አለባት። ሐሙስ ዕለት መርማሪዎች መጥተው አልጋዋን፣ የመጻሕፍት መደርደሪያዋን፣ የጥርስ ብሩሿን ሳይቀር ያያሉ። ስለዚህ የእህቴ ልጅ የወንድሜን ክፍል ትወስዳለች፤ ወንድሜ ምድር ቤት ወዳለችው፣ ድሮ ከሰል ይቀመጥባት ወደነበረችው መጋዘን ይወርዳል። መስኮት የላትም። የኤሌክትሪክ መስመሩም የደረጃው አምፖል የሚበራበት ነው፤ ጎረቤት ሲያጠፋው ይጠፋል። ሾውሄ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ልቡ ደካማ ነው፤ ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። ውሳኔው በእናቴ ልደት ምሳ ላይ ይነገራል ተብሎ ነበር። ይነገራል ስል፣ ተወስኖ አልቋል ማለት ነው።

ወጥ ቤት ስገባ እናቴ የዓሣ ጭንቅላቱን በቀይ በርበሬ እየሸፈነች ነበር። አርባ ሁለት ዩዋን ያሏትን ተከራክራ በሠላሳ ስምንት ነው የገዛችው፤ ይህን ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ነግራኛለች። እህቴ ያመጣችው ካርቶን ወተት ዋጋው ሳይላጥ እንደተለጠፈበት መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ስድሳ አምስት። ረስታው አይደለም። ዪንሹ ተከትላኝ ገባችና ነጭ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ሁለታችን በአንድ ክንድ ርቀት ቆመን፣ ከአንዱ ሳህን ሽንኩርት እያነሳን ላጥን። ልጆች ሆነን ያቺን ክፍል አብረን ነበር የተኛንባት፤ ሾውሄ ሳሎን ነበር የሚተኛው። በመጨረሻ እሷ «ልጅቷ እኮ ያንቺም ናት» አለች።

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልሽም። አንቺ ምንም ሳትይ ነው የምትሰድቢው።»

«እትዬ፣ መጋዘኑ እርጥበት አለው።»

«ማድረቂያ እንገዛለታለን። ኩዋንግ አስቦበታል።» ሽንኩርቱን በቢላዋ ጎን ጨፈለቀችው። «ደግሞ ደረሰኝ ለመተየብ የምን መስኮት ያስፈልጋል?»

እናቴ ጆሮዋ ይደክማል። ዞራ «የምን መስኮት?» አለች። ሁለታችንም «ምንም» አልን።

ገበታ ቀረበ። ጋሽ ኩዋንግ እንደተለመደው በሩን ፊት ለፊት የሚያየው የክብር ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በልደቷ ቀን እንኳ እናቴን አላስቀመጣትም። «እማማ እዚህ ይሁኑ፣ ለወጥ ቤቱ ይቀርብዎታል» ብሎ በጎኑ አደረጋት። እሱ በወረዳው መሥሪያ ቤት የመንገድ ዳር ዛፎች ክፍል ምክትል ኃላፊ ነው፤ ሁላችንም ግን «ምክትል» የምትለዋን ትተን «ኃላፊ» እንለዋለን። ይህ እኛ ዘንድ የታወቀ ወግ ነው፤ ምክትሏን ፊት ለፊት መጥራት ሰውን በጥፊ ከመምታት ይቆጠራል። አረቄው ተቀዳ። ብርጭቆ ሲጋጭ የታናሹ ጠርዝ ከታላቁ ጠርዝ ዝቅ ይበል የሚለው ወግም አለ፤ ጋሽ ኩዋንግ ይህን ወግ ወደ ስፖርት የቀየረ ሰው ነው። ብርጭቆውን ሆን ብሎ ወደ ገበታው ያወርዳል፤ ሾውሄ ከዚያ በታች ለመሆን ክንዱን ያወርዳል፤ ያኛው ደግሞ ያወርዳል፤ በመጨረሻ ወንድሜ ወገቡን አጥፎ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው በታች ይዞ ይገኛል። ያኔ ጋሽ ኩዋንግ ይስቅና «ተው ተው፣ ቤተሰብ አይደለንም እንዴ!» ይላል። በየበዓሉ ነው። አሥራ አራት ዓመት።

ዓሣው ከተጀመረ በኋላ ስልኩን ደግሞ ገለጠና ምላሱን ጠቅ አደረገ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ምዕራፉ የለም። እንዴት ይኑር! ወንድሜ የመጨረሻዎቹን መስመሮች እየጻፈ ሳለ ነው «ና ምሳ ቀርቧል፣ ሰው ይጠብቅሃል» ተብሎ የተጎተተው።

«ይህን መጽሐፍ ማንበብ ነበረብህ» አለው ጋሽ ኩዋንግ ለሾውሄ፣ የዓሣውን ጉንጭ ለራሱ እያወጣ። «ወንድ ልጅ ይማርበታል። ያ አመድ ጠራጊ ማለት እኔ ነኝ። አትሳቁ! እውነቴን ነው። የደራሲው እጅ ይባረክ፣ መሥሪያ ቤታችን ገብቶ ያየ ይመስለኛል። ያ ሽማግሌ ቁርጥ የእኛ ኃላፊ ነው፤ ፔንግ። ባለፈው ሳምንት ሪፖርቴን በሁሉ ሰው ፊት ወረወረብኝና ‹ለአንተው ብዬ ነው› አለኝ። ቃል በቃል! እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በዚህች ከተማ የተተከለውን ካምፎር ዛፍ ሁሉ የማውቅ ሰው፣ ዛፍና መብራት ምሰሶ የማይለይ ልጅ ይወርውርብኝ? ማታ ቤት ገብቼ ምዕራፉን ሳነብ፣ ጠራጊው ጥርሱን ነክሶ ዝም ሲል፣ ‹አይዞህ ወንድሜ› እለዋለሁ። ‹ቀን አለ› እለዋለሁ።»

ሾውሄ ሩዙን እያየ ፈገግ አለ። ክፉ ፈገግታ አልነበረም። አንድ ሰው ስለ ሥራው መልካም ሲነገረው እንደሚያደርገው ነው ያደረገው። ይሄ ነው ያናደደኝ። ሰውየው መኖሪያህን ሊነጥቅህ ሜትር ይዞ መጥቶ፣ አንተ ስላሞገሰህ ጆሮህ ይቀላል?

ከዚያ ጋሽ ኩዋንግ የመብያ እንጨቶቹን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። እኛ ቤት ይህ ንግግር ሊጀመር ነው ማለት ነው። «እንግዲህ ስለ ክፍሉ» አለ። «ልኬቱን ይዘናል። አልጋው ረቡዕ ይመጣል። ሾውሄ፣ ማክሰኞ ዕቃህን ብታወርድ ጥሩ ነው፤ እኔ ራሴ ሁለት ሠራተኞች ከመሥሪያ ቤት እልክልሃለሁ። ጠረጴዛህ ትልቅ ስለሆነ መጋዘኑ በር አያስገባም፤ ትንሽ እንፈልጋለን። አየህ፣ አንድ ሰው በአርባ ዓመቱ እናቱ ቤት ተጣብቆ ሲኖር የሚያስነሳው ይፈልጋል። ለአንተው ብዬ ነው።»

«እሺ» አለ ሾውሄ።

እናቴ ሾርባ ትቀዳ ነበር። ዪንሹ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት ታዞር ነበር። እኔ ቆጠርኩ። ሜትሩ አንድ። የብርጭቆው ነገር ሁለት። ይሄ ሦስት። ከዚያ በኋላ አፌ የእኔ አልነበረም።

«ጋሼ» አልኩ፣ «የሚያወርዱት ሰው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? እርጥብ ክብሪት እሱ ነው።»

መጀመሪያ ሳቀ። አረቄው ትን እስኪለው ሳቀ። «እሱ? ትንሿ፣ ሙቀቱ አናትሽ ላይ ወጥቷል። እሱ የመብራት ማመልከቻ እንኳ እኔ ነኝ የጻፍኩለት!» ዞሮ ወደ ወንድሜ ተመለከተ። «በል ንገራት። ወይም ደራሲው ከሆንክ ዛሬ ምን እንደሚሆን ንገረን እስቲ።»

ሾውሄ ያየው እኔን ነው። ያን አስተያየት ልጽፈው አልችልም፤ ሞክሬ አምስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ወንበሩን ወደ ቦታው ገፋ፤ ወደ ክፍሉ ገባ። ለትንሽ ጊዜ የኪቦርዱ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ አንዲት ጠንከር ያለች ምት። የጋሽ ኩዋንግ ስልክ ከዓሣው ሳህን አጠገብ አንዴ ጮኸ።

አነሳው። ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ አለው፤ በአውቶቡስም ቢሆን። «‹እግርህን አንሳ› አለው የብረት ሽመላው ሽማግሌ፤ ጠራጊውም አነሳ። ሽማግሌው ባለ ቋጠሮውን ገመድ ከጠራጊው መደብ ሥር አሳልፎ እስከ ግድግዳው ጥግ...» ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጥቶ ቆመ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ። «አንብብልን እንጂ።»

ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ቀጠለ። ከጆሮው ጫፍ የጀመረው ቅላት አንገቱ ድረስ ወረደ። ዪንሹ በትከሻው አጮልቃ አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ወደ ኋላ፣ ወደ ድሮ ምዕራፎች ሲጎትት አየሁት፤ አንዱን ከፈተ፣ ሌላውን ከፈተ። ሳያውቀው የግራ እጁን ትንሽ ጣት ወደ መዳፉ አጥፎ ደበቃት። እኔ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ካሳውን ጠበቅሁ። መጽሐፉ ላይ ቢሆን አሁን ሰማዩ ይጠቁራል፤ የተናቀው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ስድስተኛው ደረጃ ጉልበቱ ይከዳዋል። እኛ ቤት የተሰማው የሳሎኑ አየር ማቀዝቀዣ ጠብታ ባልዲ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው። ሾውሄ ተመልሶ መጣና ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«ሁልጊዜ ክፉ ነው?» አለ ጋሽ ኩዋንግ በመጨረሻ። ድምፁ የማላውቀው ድምፅ ነበር።

«ማን?» አለ ሾውሄ።

«ሽማግሌው። አንድ ነገር እንኳ የለውም? ስድስተኛ ደረጃ ላይ ዝም ብሎ በቀለ? ሃያ ስድስት ዓመት የሰባተኛዎቹን፣ የስምንተኛዎቹን ብርጭቆ ሥር ሲያጎነብስ አልኖረም? ለምን አልጻፍከውም?»

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ይህም ጨምሮ አናደደኝ። የሰውየው ዓይን እርጥብ ነበር። ግን ከዚያ አረቄውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ሲያስቀምጠው የድሮው ሰው ሆኖ ተመለሰ፤ ሸሚዙን ጎተተ፤ ወንበሩ ላይ ሰፋ ብሎ ተቀመጠ። «ለማንኛውም» አለ፣ «ለካስ ሦስት ዓመት ሙሉ አንተን ሳኖር የነበርኩት እኔ ነኝ። ዘጠነኛ ነኝ እኮ በሰንጠረዡ! ክፍሉን አልፈልግም። ይቅር። የልጅቷ አልጋ እማማ ክፍል ይዘረጋል፤ መርማሪዎቹ አልጋ ካዩ ይበቃቸዋል። ግን የሽማግሌው ታሪክ ይጻፍ። ከልጅነቱ። እኔ እየመጣሁ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ። መጽሐፉም ይሻሻላል።»

«እሺ» አለ ሾውሄ። ቅድም እግሩን ሲያነሳ በነበረበት በዚያው ፊት።

«እሺ ነው የምትለው?» አልኩ። «እሺ?»

«አንቺ ዝም በይ» አለችኝ ዪንሹ። «ክፍሉ ቀረለት አይደል? ሌላ ምን ፈለግሽ?»

ሐብሐቡ ተቆረጠ። እናቴ ክፍሉ ለምን እንደቀረ ሳይገባት ደስ አላት፤ ክፍሏን ከማን ጋር እንደምትካፈልም የጠየቃት አልነበረም። ጋሽ ኩዋንግ እያላመጠ፣ ሽማግሌው ስምንት ዓመት ሲሆነው አባቱ እንደሞተበት፣ ውኃ በእንስራ ከወንዝ እንዳመላለሰ መተረክ ጀምሮ ነበር። ሾውሄ ወረቀት አምጥቶ ይጽፋል።

ከሰዓት በኋላ እነ ጋሽ ኩዋንግ ሲሄዱ የሾውሄ ክፍል ገባሁ። ይቅርታ ልጠይቀው አልነበረም የገባሁት፤ ልቆጣው ነው። ከሰል ቤት ከመውረድ አዳንኩህ፣ ማን እንደሆንክ አሳወቅሁ፣ አንተ ደግሞ ጸሐፊው ሆነህ ትቀጠርለታለህ አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነበርኩ እኮ» አለኝ። «ነገ አንበረክከው ነበር። እዚያ ይንበረከካል፣ እዚህ አብረን ዓሣ እንበላለን። እንደዚያ ነበር የምኖረው። አሁን የት ሄጄ ላንበርክከው? ያነባል እኮ።»

«ጻፈውና ያንብበው!»

«እያየኝ አልችልም። ነግሬሽ ነበር።» ጮኾ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸም። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «በይ አሁን ሂጂ። የነገው አልተጻፈም።»

በማግስቱ ሽማግሌው አልተንበረከከም። ከዚያ በኋላ ጋሽ ኩዋንግ በየእሑዱ የሻይ ቴርሞሱን ይዞ ይመጣል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሕይወቱን ይናገራል፤ እንዲነበብለትም ያዛል፤ «እዚህ ጋ እንኳ እንዲህ አላልኩም» እያለ ያስሰርዛል። ሽማግሌው ዛፍ ተካይ ሆነ፤ ደሃ አሳዳጊ ሆነ፤ በሐሰት የተወነጀለ ሆነ። ጠራጊው ለአርባ ምዕራፍ ያህል ጠፋ። አንባቢዎቹ መጀመሪያ ጠየቁ፣ ቀጥሎ ተሳደቡ፣ ቀጥሎ ሄዱ። «ስንት ከፈሉህ?» ብሎ የጻፈለትም ነበር። ልዋሽ አልችልም፤ ሽማግሌው በልጅነቱ የእናቱን ጫማ አድርጎ ትምህርት ቤት የሄደበትን ምዕራፍ ሱቄ ውስጥ ሳነብ መርፌው ጣቴን ወግቶኛል፣ ከእንባ የተነሳ አይታየኝም ነበር። ግን ያ የሾውሄ መጽሐፍ አልነበረም። በሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ አቆመው። «ደራሲው ዕረፍት ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ ለጠፈና ያን ጊዜ በእውነት ለአንድ የጭነት ድርጅት ደረሰኝ መተየብ ጀመረ። ጋሽ ኩዋንግ ተቆጣ። ሰነፍ አለው።

ከዚያ እሑድ በአሥራ ሰባተኛው ወር፣ ኅዳር ላይ፣ እናቴ ጠዋት የሩዝ ገንፎ ይዛ ስትገባ ሾውሄ ያን ክፍል ሳይለቅ ሄዷል። ልቡ ነው አሉ። እኔ ልቡ ነው ሲሉኝ እሺ አልኩ።

ድንኳኑ ከፎቁ ሥር ተተከለ። እንደ ለቅሷችን ወግ ርችት ተተኮሰ፤ ጎረቤቶች የማህጆንግ ጠጠር ተጫወቱ፤ ጋሽ ኩዋንግ ነጭ ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ እንግዳ አስቀማጭ ሆነ፤ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ከቻንግሻ ከተማ በባቡር የመጣች፣ ጀርባዋ ላይ ቦርሳ ያዘለች ልጅ መጣች። የመጽሐፉ አንባቢ ናት፤ የሞቱን ወሬ እኔ በብዕር ስሙ ገጽ ላይ ከለጠፍኩት አይታ ነው። ሰንደል ለኩሳ ፎቶው ፊት ሦስት ጊዜ ሰገደች። ሻይ ሰጠኋት። «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለችኝ።

አፌን ስከፍት ጋሽ ኩዋንግ በመሃላችን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እኔን ጠይቂኝ» አላት። «የብረት ሽመላው ሽማግሌ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። «እውነት? እርስዎ?»

«እኔ ራሴ! ከእኔ ነው የወሰደው። ጥፍሩን፣ አነጋገሩን፣ ሁሉን። ሃያ ሰባት ዓመት መሥሪያ ቤት ስመላለስ እንዲያ አድርጎ ያየኝ አንድ ሰው አልነበረም። ሚስቴ እንኳ አላየችኝም። እሱ ግን አየኝ።» እንባው በጉንጩ ወረደ፤ አልጠረገውም። አልቅሶ የሚያሳይ ሰው አይደለም፤ በእውነት ነበር የሚያለቅሰው። በዚያ ድንኳን ውስጥ ከእናቴ ቀጥሎ አብዝቶ ያለቀሰው እሱ ነው፤ እኔ በንዴት ደርቄ እንባ እንኳ አጥቼ ነበር።

ልጅቷ መሐረብ ሰጠችው። «መጨረሻውን ግን አላወጣውም» አለች። «ሽማግሌውና ጠራጊው ምን ይሆናሉ?»

ጋሽ ኩዋንግ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ውጤቱን ለመስማት እንደቆመ ተፈታኝ ነበር። «ትንሿ፣ ለአንቺ ነግሮሽ ነበር? ያሸንፈዋል? ወይስ እኔ አሸንፋለሁ?»

ነግሮኝ ነበር። ያን እሑድ ከሰዓት፣ ሂጂ ካለኝ በኋላ፣ በሩ ላይ ስደርስ ጀርባውን እንደሰጠኝ ነው የነገረኝ። ጠራጊው ዘጠነኛ ደረጃ ደርሶ አንድ ቀን ከተራራው ይወርዳል። የድንጋይ ደረጃው ላይ አንድ አዛውንት ቆመዋል፤ የዘመናት በቀል ሊፈጸምባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። ጠራጊው በአጠገባቸው ሲያልፍ መንገድ ይለቅላቸውና «ደህና ዋሉ አባቴ» ብሏቸው ይሄዳል። አላወቃቸውም። ረስቷቸዋል። ይኸው ነው።

ልጅቷም ሰውየውም ይጠብቁኛል። እንደ ያኔው አፌ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችው። ግን ከወንድሜ ነገር ሁሉ የጋሽ ኩዋንግ እጅ ያልገባበት ያ ብቻ ነው።

«አልነገረኝም» አልኩ።

ጋሽ ኩዋንግ ራሱን ነቀነቀና አፍንጫውን ጠርጎ ወንበሩን ወደ ልጅቷ ሳበ። «እንግዲያው» አላት፣ «እኔ ልንገርሽ።»